የዲያቤቲስ ትርጓሜ

እኅቴ ከንፋስ መውጫ ስትደውልልኝ ጅግጅጋ ገበያ መሐል ቆሜ ነበር። «አባባ ስኳር አለባቸው ተባለ፤ ክኒኑን ግን አልውጥም ብለዋል» አለችኝ። አባታችን እዚያው አቅራቢያ ባለችው ቤተ ልሔም ደብር የመጻሕፍት ትርጓሜ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። ምኑ አስቀየማቸው ትላላችሁ? መራራነቱ? የለም፤ ስሙ ነው።

የቃል ሥር ሳይቆፍር የማያድር ሰው ገጥሟችሁ አያውቅም? አባባ እንደዚያ ናቸው። የመረመረቻቸውን ነርስ «ስኳርስ የሱቅ ዕቃ ነው፤ የበሽታው ስም ማን ይባላል?» አሏት። «ዲያቤቲስ» ብትላቸው፣ «ጽርእ ነው፤ የግሪክ ቃል! ያልተፈታ ቃል ጥሬ ነው፤ ጥሬ ደግሞ አይዋጥም» ብለው ክኒኑን ከዳዊታቸው የቆዳ ማኅደር ከተቱት።

እኔም መጽሐፍ አገላብጬ ደወልኩላቸው። «አባባ፣ ‹አልፎ የሚሄድ› ማለት ነው። የጥንት ሐኪሞች በሽተኛው የጠጣው ውሃ ሳይቆይ ሲያልፍ አይተው ያወጡት ነው።»

«ተባረኪ ልጄ! እንዲህ ነዋ!» አሉና ተማሪዎቻቸውን ጠሩ። «አንድም፣ ጤና አላፊ ነው ሲል ነው። አንድም፣ ዓለም አላፊ ናት ሲል ነው። አንድም…» እኔም በደስታ እያዳመጥኩ ስድስተኛው «አንድም» ላይ ካርዴ አለቀ።

የደነገጥኩት ከዚያ በኋላ ነው። በአባቴ ስስቅ ኖሬ፣ ለካ እኔም የእሳቸው ልጅ ነኝ! ቃሉን ፈትቼ ክኒኑን ረሳሁት፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ደግሜ ብደውል ሰባተኛውን ነገሩኝ።

በዚያ ጉባኤ የተቀመጣችሁ ተማሪዎች ሆይ፣ ትርጓሜውስ በሚገባ ደርሶኛል። እባካችሁ፣ ክኒኑ ከማኅደሩ መውጣቱን አይታችሁ ንገሩኝ።