ሰንሰለት፣ ጓጉንቸርና ሁለት ፓኮ ብስኩት

[ከጸሎት አዳራሹ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል። የልጆቹ የሰንበት አስተማሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሰንሰለት በክንዱና በደረቱ ላይ ያስጠመጥማል። የሚጠመጥምለት የእህቱ ባል ነው፣ አማቹ። ዛሬ ሽማግሌዎቹ ትምህርቱን ሊያዩ ይመጣሉ፤ ካልጣማቸው ልጆቹን ለሌላ አስተማሪ ይሰጣሉ። አማቹም የራሱ ጭንቀት አለበት። ባለፈው ሳምንት የልጆቹን ብስኩት በላ ተብሎ ስሙ «ብስኩት» ሆኗል። ምስኪን፣ ፍርፋሪ እንኳ አልቀመሰም።]

አማች፦ እሺ፣ ሰንሰለቱ ኃጢአት ነው። ጓጉንቸሩስ?

አስተማሪ፦ እሱም ኃጢአት ነው አልኩህ እኮ።

አማች፦ ሁለቱም ኃጢአት ከሆኑ አንዱ አይበቃም?

አስተማሪ፦ ልጅ በዓይኑ ሲያይ ነው የሚገባው። ታስሬ ያዩኛል፣ ይደነግጣሉ። ከዚያ አንተ መክፈቻውን ይዘህ ትመጣለህ። መክፈቻው ምንድን ነው?

አማች፦ ብረት።

አስተማሪ፦ ንስሐ ነው፣ ንስሐ!

አማች፦ እሺ፣ ንስሐ። ጋሼ፣ ስለ ጓጉንቸሩ ግን አንድ ነገር ልንገርህ...

አስተማሪ፦ ምንም አትንገረኝ። አስተማሪው ማነው?

አማች፦ አንተ ነህ።

አስተማሪ፦ እንግዲያው ስማ። ብለምንህም፣ ብቆጣህም እንዳትከፍት። ንስሐ ስገባ ብቻ። በል ቆልፍና እንለማመድ።

[ጓጉንቸሩ ጠቅ አለ። አማቹ እንደገና አፉን ሊከፍት ሲል አስተማሪው ገላመጠውና ተወው። ወዲያው የልጆቹ መዝሙር ከአዳራሹ ተሰማ።]

አስተማሪ፦ መጡ እንዴ? ቶሎ ክፈት፣ ሸሚዜን ልቀይር።

አማች፦ ንስሐ ግባ።

አስተማሪ፦ ልምምዱ አለቀ እኮ፣ አንተ ሰውዬ።

አማች፦ ብቆጣህም እንዳትከፍት ብለሃል።

አስተማሪ፦ [ጥርሱን ነክሶ] እሺ። ንስሐ ገብቻለሁ።

አማች፦ ስለ ምኑ?

አስተማሪ፦ ስለ ሁሉም።

አማች፦ ልጄ «ስለ ሁሉም» ስትልህ «አንድ በአንድ ጥሪ» ብለህ አስቁመሃታል።

አስተማሪ፦ በጎረቤቴ አዲስ ጫማ ቀንቻለሁ። በቃ፣ ክፈት።

አማች፦ ለአንድ ጫማ ይሄ ሁሉ ሰንሰለት? ሌላ አለ።

[ወንበር ስቦ አጠገቡ ይቀመጣል። ሰሞኑን ሆድ ብሶታል፤ የሚያዋየው ሰውም አላገኘም።]

አማች፦ ጋሼ፣ ሚስቴ እንኳ አላመነችኝም። ልጄ ትናንት «አባዬ» ማለቱን ትታ «ብስኩት፣ ራት ቀርቧል» አለችኝ። እንጀራ አፌ ላይ ደረቀ። በዚህ ሁሉ ቀን ክፉ ቃል ያልተናገርከኝ አንተ ብቻ ነህ።

አስተማሪ፦ [ላቡ ይወርዳል፤ እንዳይጠርገው እጁ ታስሯል] እኔ ነኝ።

አማች፦ አዎ፣ አንተ ብቻ ነህ።

አስተማሪ፦ የበላሁት እኔ ነኝ እያልኩህ ነው!

አማች፦ ራስን ስለ መግዛት ልታስተምርበት የነበረውን ብስኩት?

አስተማሪ፦ ልምምድ ላይ ነበርኩ።

አማች፦ ሁለቱንም ፓኮ?

አስተማሪ፦ በመጀመሪያው አልተሳካልኝም። በሁለተኛው እንደገና ሞከርኩ።

[አማቹ ተቀይሟል። ግን «ንስሐ ስገባ ክፈት» ተብሏል፤ ተነሳና ጓጉንቸሩን በአንድ ጣቱ ሳብ አደረገው። ሰንሰለቱ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ።]

አስተማሪ፦ መክፈቻውስ?

አማች፦ ይሄ እኮ የዶሮ ቤታችን ጓጉንቸር ነው። ጠቅ ይላል እንጂ መዝጋት ካቆመ ቆየ። ልነግርህ ስል «አትንገረኝ» አልክ።

አስተማሪ፦ ይሄን ሁሉ ስናዘዝ ክፍት ነበር?

አማች፦ አንዴ ብትወራጭ ይወልቅ ነበር።

[አሁን ነው ሁለቱም ልብ ያሉት። መዝሙሩ ቆሟል፤ የአዳራሹ በርም ከወረቀት አይሻልም፣ ሁሉም ተሰምቷል። ከበሩ ማዶ ልጆቹ በአንድ ድምፅ «ብስኩት! ብስኩት!» እያሉ ያጨበጭባሉ።]

አማች፦ [ሰንሰለቱን እየጠቀለለ] ሂድ እንጂ ጋሼ፣ እየጠሩህ ነው።