ጳጉሜ ስድስት ምስክር አጣች

ይህን ሕልም ያየሁት በጠዋት ነው። ሁለት ሌሊት ሬዲዮ ጣቢያው ውስጥ የአዲስ ዓመቱን ልዩ ዝግጅት ስንቀዳ አድረን፣ ጳጉሜ ስድስት ማለዳ ቤቴ ገባሁና ለአንድ ሰዓት ያህል ብዬ ሶፋው ላይ ጋደም አልኩ። ዕለቱ የልጄ የትርሲት ልደት ነበር። ጳጉሜ ስድስተኛ ቀን የሚኖራት በአራት ዓመት አንዴ ስለሆነ፣ በሌላው ጊዜ አምስትን ተውሰን ነው የምናከብርላት። ዘንድሮ ግን በራሷ ቀን ስምንት ዓመት ሊሞላት ስለሆነ ከሰኔ ጀምራ ስትቆጥር ከርማለች።

በሕልሜ ወደ ሥራ እሄድ ነበር። ታክሲውን ተሳፋሪዎቹ ተሸክመነው ረዳቱ ከላይ ሆኖ ጠጋ ጠጋ በሉ ይለናል። ጣቢያው ስንደርስ አድማጮቹ ማይክራፎን ይዘው ያወራሉ፤ ሬዲዮኖቹ አግዳሚ ላይ ተደርድረው ያዳምጣሉ። አንዱ አሮጌ ሬዲዮ ድምፅ ቀንሱ ብሎ ተቆጣ። እኔ እዚያ ጣቢያ በየዕለቱ የማቀርበው የታሪክ ዝግጅት አለኝ። በዚያች ቀን ድሮ ማን እንደነገሠ፣ የትኛው ጦርነት እንዳለቀ፣ ምን እንደተመረቀ እናገራለሁ። የቢሮዬን በር ስከፍት ወንበሬ ላይ አንዲት አህያ ተቀምጣ አገኘኋት።

አህያዋ መነጽር አድርጋለች። የታሪክ ሊቃውንቱ ጆንያ ተሸክመው ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ከፊቷ የዓመቱ ቀኖች ተሰልፈው እያንዳንዱ የያዘውን ታሪክ እያሳየ ያልፋል። አንድ የግንቦት ቀን አንድ ዘውድ፣ ሁለት ጦርነትና አንድ የባቡር ምረቃ ታቅፎ በበሩ አልገባ ስላለ በመስኮት አስገቡት። ጦርነቶቹ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው ማንጎላጀት ጀመሩ። አንድ የጥር ቀን የተዋስከውን የመሬት መንቀጥቀጥ መልስ ተብሎ አለቀሰ። አዘንኩለት።

ከሁሉም መጨረሻ ጳጉሜ ስድስት ገባች። ዝናብ የመታት፣ ጫማዋ ጭቃ የያዘ ቀጭን ሴት ናት። የያዘችውን ፌስታል አህያዋ ተቀብላ ገልብጣ አራገፈችው። ምንም አልወደቀም። በአራት ዓመት አንዴ እየመጣሽ እስከ ዛሬ ምን ስትሠሪ ነበር አለቻት። ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታ ተራዬን ስጠብቅ ነበር አለች። አህያዋም ታሪክ የሌለው ቀን እንደሚሰረዝ፣ በዚያ ቀን የተወለዱትም አብረው እንደሚሰረዙ ነገረችን። ከሊቃውንቱ አንዱ ጆንያውን አውርዶ ላጲስ መፈለግ ጀመረ።

ክው አልኩ። "ቆዩ እንጂ፣" አልኩ፣ "ልጄ የተወለደችው በዚህች ቀን ነው።"

"ዝነኛ ናት?" አለች አህያዋ።

"ሰፈር ውስጥ ያውቋታል።"

"ምን አደረገች?"

አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ። የሚነቃነቅ ጥርሷን ማንም ሳይረዳት ራሷ ነቅላ እንዳመጣችና ደሟን እየተፋች እንደሳቀች ነገርኳቸው። ከጦርነቶቹ አንዱ ከእንቅልፉ ነቅቶ አላለቀሰችም ወይ ብሎ ጠየቀ። አላለቀሰችም አልኩት። ይሄማ ቀላል ነገር አይደለም አለ ጦርነቱ፤ ቀኖቹም ተስማሙ። አህያዋ መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። ጳጉሜ ስድስት እጄን ግጥም አድርጋ ያዘችው። እጇ ቀዝቃዛ ነበር፤ ደስ አለኝ።

"እሺ፣" አለች አህያዋ። "ልደቷን እንደ ታሪክ እንቀበለዋለን። አንድ ምስክር ብቻ ነው የሚያስፈልገው። በዕለቱ በቦታው የተገኘ።"

"እኔ አለሁ። አባቷ ነኝ።"

"ዕለቱ መቼ ነው?"

"ዛሬ።"

"ታዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

ደንግጬ ነቃሁ። ብርድ ልብስ ደርበውልኛል፤ በመስኮቱ የጠዋት ብርሃን ገብቷል። ያችን አንድ ሰዓት የተኛሁ መሰለኝና ትርሲትን ጠርቼ እንኳን ተወለድሽ አልኩ። ከደጅ የሰፈሩ ልጃገረዶች እየዘፈኑ ያጨበጭባሉ፤ ከጎረቤት የዶሮ ወጥ ይሸታል። ሬዲዮው ላይ የገዛ ድምፄ መስከረም አንድ ቀን ድሮ የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ይዘረዝር ነበር።

ሚስቴ ፀዳለ ከጓዳ ብቅ አለችና ትናንት ደጋግመው እንደቀሰቀሱኝ፣ እኔም በየጊዜው እሺ መጣሁ እያልኩ ወደ ግድግዳው ዞሬ እንደተኛሁ ነገረችኝ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጣችም። እንግዶቹ ሶፋው ስለተያዘ መሬት ላይ ተቀምጠው ኬክ በልተው ሄደዋል።

ትርሲት አዲስ ቀሚሷን ለብሳ መጣች። ሳህን ተከድኖበት ያደረ የኬክ ቁራጭ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝና አጠገቤ ቁጭ አለች።

"ግድ የለም አባዬ፣" አለችኝ። "ዘንድሮ ጉልበቴ አልቻለህም። በሚቀጥለው አሥራ ሁለት ዓመት ይሞላኛል፤ ያኔ ጎትቼ አነሣሃለሁ።"