እመቤት ይደገም

«ይደገም» የሚል ሰው ያልገጠመው የለም። በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም፤ የታጠበ ብርጭቆ መልሶ ያጥባል፣ የቆለፈውን በር ከመንገድ ተመልሶ ይነቀንቃል። የእነዚህ ሁሉ አለቃ፣ ክብርት እመቤት ይደገም፣ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ደም ትቀዳለች። ስሙን ያወጣንላት ወረፋ የምንጠብቅ እናቶች ነን።

እኔ ክፍል ደጋግሜ ነው ትምህርት የተውኩት፤ ቃሉን ድሮም አልወደውም።

ልጄን ይዤ የሄድኩት ቶንሲሏ ሊወጣ ስለሆነ ነው። ነስር ስለሚያስቸግራት ሐኪሙ «ከቀዶ ጥገናው በፊት ደሟ በደንብ መርጋቱ ይታይ» አለ። ልጅቷ መርፌውን ስታይ ሕንፃውን በጩኸት አናጋችው። በስንት መከራ ተቀዳች። እመቤት ይደገም ሰማያዊ ክዳን ያላትን ብልቃጥ ወደ ብርሃን አንስታ አየቻት።

«መስመሩ ላይ አልደረሰም። ደሙ ካነሰ ውስጡ ያለው መድኃኒት ይበዛበትና ውጤቱ ይበላሻል።»

«እህቴ፣ ጠብታ ብትጎድል ምን አለበት?»

«ይደገም።»

ሌላ ጩኸት። በዚያው ሰዓት አንዱ ነርስ የሌላ ሰው ደም በብልቃጥ ይዞ እያወዛወዘ ገባ። «ምነው ወንድሜ፣ ቅቤ ልታወጣበት ነው?» አለችው። ደም ሲናጥ ይበላሻል ተብሎ የእሱም ተደገመ።

ውጤቱ መጣና ሐኪሙ «ደህና ናት፣ ቀን እንያዝላት» አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ስወጣ እመቤት ይደገም ጓንቷን እንኳ ሳታወልቅ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችብኝ።

«ስቀዳት እያለቀሰች ነበር። ሰው ሲፈራ፣ ሲያለቅስ ደም የሚያረጋው ነገር ለጊዜው ከፍ ይላል። ውጤቱ ያታልላል። ለሐኪሙም ነግሬዋለሁ፤ ይደገም።»

«ደህና ናት ተባለ እኮ! ልጄ ላይ ክፉ ትመኛለሽ እንዴ?»

«ደህና ብትሆን እኔም ደስ ይለኛል። ስትረጋጋ አምጫት።»

እየተራገምኩ አመጣኋት። ጓንት ነፍታ ፊኛ አደረገችላት፤ የሐኪሙን መላጣ ሳለችበት። ልጄ ሳቀች። እስክትረጋጋ እኔን ትጠይቀኝ ጀመር።

«ስንት ወልደሻል?»

«አንድ።»

ድምፄን ሰምታ ይሁን ፊቴን አይታ እንጃ፣ ቀና አለች።

«ይደገም» አለች፣ ቀስ ብላ።

«ሁለት» አልኩ።

ታላቅየዋም ቶንሲሏ ነበር የወጣው። ደሟ አልቆም አለ። ደሟን አስቀድሞ ያየው ሰው አልነበረም። ስቀብራት «ዕድሏ ነው» አሉኝ፤ ይሁን አልኩ። እኛ ቤት ሴቶቹ ሁሉ ትንሽ ሲነኩ ይበልዛሉ፤ የእኔም የወር አበባ አንዴ ከመጣ መሄጃውን ይረሳል። የሴት ነገር ነው ብለን ዝም ነው። ይህን ሁሉ ስነግራት እመቤት ይደገም የምርመራ ወረቀቱ ላይ ጻፈችው። ከዚያ ልጄን ቀዳቻት፣ መስመሩ ድረስ።

በረጋ ቀን የተቀዳው ደም እውነቱን አወጣ፤ በዘር የሚመጣ የደም አለመርጋት ነው። እኔም ተመረመርኩ፤ ተገኘብኝ። ለሁለቱም ያወረስኳቸው እኔ ነኝ። የማወርሰው ሌላ ነገርማ የት አለኝ።

ለታናሽየዋ ቀድመው መድኃኒት ሰጥተው ቶንሲሏን አወጡ። ደሟ ቆመ። ዛሬ ጎረቤት እስኪማረር ትጮሃለች። ጩኺ እላታለሁ።

ላመሰግን ሄጄ እመቤት ይደገምን ላቅፋት እጄን ስዘረጋ፣ «እጅሽን ታጥበሻል?» አለችኝ። ታጥቤያለሁ አልኳት። ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ። ታጥቤ ተመለስኩና አቀፍኳት፤ ያን ጊዜ እሷም ቶሎ አልለቀቀችኝም።

አሁንም ሰው ስንት ልጅ አለሽ ሲለኝ «አንድ» የሚለው ይቀድመኛል። ወዲያው ያ ድምፅ ይመጣብኛል፣ ቀስ ብሎ።

እደግመዋለሁ። ሁለት።