ባትሪው ያመጣው ዝምድና

መንግሥት ለኤሌክትሪክ መኪና ቀረጥ ሲቀንስ፣ የነዳጁ እንዳይገባ ሲከለክል ማንን የጠቀመ ይመስላችኋል? ገዢውን? ነጋዴውን? በፍጹም! የሞጣን አክስቶች ነው። ማስረጃ አለኝ።

የቢቸናው ጎረቤቴ ደምሴ የነዳጅ መኪና በነበረው ጊዜ ለሥራ ሞጣ ሲመላለስ፣ ብቻቸውን በሚኖሩት አክስቱ በእትዬ የሺ ደጃፍ ሲያልፍ ክላክስ እንኳ አያደርግላቸውም ነበር። የኤሌክትሪኩን ከገዛ ወዲህ ግን ለመመለሻው ቻርጅ የሚያደርግበት ሌላ ቦታ ስለሌለ፣ ማራዘሚያ ገመዱን ይዞ በየሳምንቱ በራቸውን ያንኳኳል። እንዲህ ያለ የዘመድ ፍቅር በየትኛው አዋጅ ሊመጣ ይችል ነበር?

ባለፈው እኔም አብሬው ሄድኩ። ገመዱ ከተሰካ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መብራቱ ድርግም አለ።

«እትዬ፣ እዚህ ሁልጊዜ እንዲህ ነው እንዴ?» አለ ደምሴ ተጨንቆ።

«ምን ይደረግ ልጄ፤ እደሩ እንግዲህ» አሉ እትዬ የሺ። ዶሮው ግን ገና ከጠዋቱ ታርዶ ነበር።

እጄን ልታጠብ ስወጣ የጎረቤት ቴሌቪዥን ይጮኻል። ቀና ብዬ ቆጣሪውን አየሁ። ብሬከሩ ወርዷል። እጄን ወደ ላይ ስሰድ እትዬ የሺ ከኋላዬ መጥተው ክንዴን ያዙኝ።

«ተው ልጄ» አሉኝ በሹክሹክታ፤ «ከሞላለት ይሄዳል።»