ዋሳችንን ለማመስገን የሄድንበት ቀን

በቤተሰባችን ታሪክ ውስጥ የቤት ብድር ውልን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ ያገላበጠ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ማገላበጥ ነው ያልኩት፤ ማንበብ ራሱን የቻለ ሌላ ሙያ ነው።

በሰው አገር ስንኖር ከባንክ ይምጣ ከማዘጋጃ ቤት፣ የዘመድ አዝማድ ደብዳቤ ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል። «አማካሪው» ይሉኛል። በእርግጥ የምሠራው መጋዘን ውስጥ ነው፤ ካርቶን አሽጋለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ግን «በዕቃ ዝውውር ዘርፍ ተሰማርቻለሁ» እላለሁ። ካርቶኑ ይዘዋወራልና፣ ይህ ውሸት ነው የሚል ካለ በማስረጃ ይቅረብ።

እኔና ባለቤቴ ቤት ለመግዛት ስንወስን አማካሪ ፍለጋ አልደከምንም። እሷ በሆቴል አንሶላ እያጠበችና እየተኮሰች ያጠራቀመችውን ገንዘብ ይዘን ባንክ ገባን። የብድር ክፍሏ ሠራተኛ በመስታወት በተከለለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀብላን፣ ከረሜላ ጋብዛን፣ ወደ ቁም ነገሩ ገባች።

«ባንካችን ያለ ዋስ አያበድርም» አለች።

ደንገጥ አልኩ። ዋስ መለመን እንዴት ያለ ጭንቅ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጢም ተላጭቶ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ የሰው ሳሎን ወንበር ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ስለ ልጆች ጤንነት እየጠየቁ ነገሩን ቀስ በቀስ ማቅረብ ነው። በዚህ አገር ደግሞ ሰላም የሚለኝ ጎረቤት እንኳ የለኝም። ሠራተኛዋ ግን ፈገግ አለች።

«ሰው መፈለግ አያስፈልግዎትም። የዋስትና ድርጅት አለ። እርስዎ መክፈል ቢያቅትዎ ለባንኩ እሱ ይከፍላል። ከዚያ በኋላ ግን...»

«ገብቶኛል!» ብዬ ቃሉን ከአፏ ነጠቅኳት። ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አይቶኝ የማያውቅ ድርጅት፣ ባጣ ሊከፍልልኝ!

ባለቤቴ በክርኗ ጎሰመችኝ። «ከዚያ በኋላ ግን ምን? ትጨርስ እንጂ!»

«ዝርዝር ነው» አልኳት። ዝርዝር ማለት አንድ አማካሪ የማያውቀው ነገር ሲሆን የሚሰጠው ስም ነው።

ክፍያዎቹን በተመለከተ ያሳየሁት ልበ ሰፊነት ለትውልድ ሊተላለፍ ይገባዋል። ዶሴያችን እንዲከፈት የዶሴ መክፈቻ ከፈልን፤ መዝጊያውን አልጠየቅሁም፤ ደስታን በአንድ ቀን መጨረስ ጥሩ አይደለም። ቤቱ የተጠየቅነውን ያህል ዋጋ እንዳለው ለሚያረጋግጥልን ባለሙያ የግምት ክፍያ ከፈልን፤ ባለሙያውም ግድግዳውን በጣቱ ቆርቆር አድርጎ፣ የተጠየቅነውን ያህል ዋጋ እንዳለው አረጋገጠልን። ለውል አዋዋዩ ከፈልን። ከሁሉም የከበደው የዋስትናው ክፍያ ነበር። ባለቤቴ ቁጥሩን ስታይ የአንሶላው እንፋሎት እንደገና ፊቷ ላይ የመጣባት መሰለች።

እኔ ግን ልቤ ቅቤ ጠጥቷል። እንዲያውም ዋስ ካለን ዘንድ ምን አንገበገበን ብዬ አዲስ ሐሳብ አፈለቅሁ። መጀመሪያ የመረጥነው በባቡር ሐዲዱ አጠገብ ያለ፣ ባለ ሁለት ክፍል ትንሽ ቤት ነበር። ያንን ተውኩና ግቢ፣ ደረጃና ሁለት መታጠቢያ ቤት ያለውን ትልቁን መረጥኩ፤ ለግምቱም ለዋስትናውም ተጨማሪ ከፈልን።

«ወርሃዊ ክፍያውን በደመወዛችን እንችለዋለን?» አለች ባለቤቴ።

«ባንችልስ?»

«እንዴት ባንችልስ!»

«ዋስ አለና! ሥራ ብንፈታ እኮ የሚከፍል ሰው ተቀምጦልሻል።»

ለመፈረም ጥቂት ቀን ሲቀረን ጋሼ ወሬውን ሰሙ። ጋሼ የባለቤቴ አጎት ናቸው፤ አገር ቤት የነበራቸውን ጋራዥ ሸጠው እኛ ዘንድ ከመጡ ወዲህ ሳሎናችን ውስጥ ነው የሚተኙት። በዘመናቸው ለሰፈሩ ሰው ለግማሹ ዋስ ሆነዋል፤ ከፊሉም አስከፍሏቸዋል። ባዳ ለእኛ ዋስ መቆሙን ስነግራቸው ከሶፋው ብድግ አሉ።

«ሄዳችሁ አመሰገናችሁት?»

«ድርጅት እኮ ነው፣ ጋሼ።»

«ድርጅቱ ውስጥ ሰው የለም?»

ይህን ጥያቄ የሚመልስ አማካሪ በዓለም ላይ ገና አልተወለደም። ጋሼ ሙሉ ልብሳቸውን አስተኮሱ፤ እኔ እጅ መንሻ የሚሆን አንድ ቅርጫት ፍራፍሬ ገዛሁ፤ ባለቤቴ ሥራ ስለነበራት ሁለታችን ሄድን። ስንወጣ ከበሩ ላይ «ያንን ‘ከዚያ በኋላ ግን’ የሚለውን ጠይቅልኝ» አለችኝ።

የዋስትና ድርጅቱ ከጥርስ ሐኪም ቤት በላይ ያለ ቢሮ ነው። እንግዳ ስለማይመጣበት መቀመጫ የለውም። ደወሉን ስንደውል ዳቦ እየበላ በሩን የከፈተልን ሰው የዕዳ ማስመለሻ ክፍል ኃላፊ መሆኑን ነገረን። ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ይህ ልጅ ወንድም ጋሻ በሌለበት አገር ነው ያለው» ብለው ጀመሩ። «ሳታውቁት አምናችሁ ቆማችሁለታል። እኔ ለብዙ ሰው ዋስ ሆኛለሁ፤ ሸክሙን አውቀዋለሁ። እግዜር ይስጥልኝ፤ ክፉ አይንካችሁ።»

እኔም ተረጎምኩ። ሰውየው ማላመጡን አቆመ።

«ለማን ነው የቆምነው?»

«ለእኔ።»

«የለም፣ ጌታዬ። ዋስ የሆንነው ለባንኩ ነው። እርስዎ ካልከፈሉ እኛ ለባንኩ እንከፍላለን። ከዚያ በኋላ ግን ገንዘቡን ከእርስዎ እንጠይቃለን። ከሌለዎት ቤቱን እናሸጣለን።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ገንዘብ የከፈልኩት ለምንድን ነው?»

ሰውየው ግራ ገብቶት አየኝ። «ባንኩ ከእርስዎ እንዲጠበቅ ነዋ!»

አፈርኩ፤ እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ገና አልፈረምኩም። አንድ እውነተኛ ቃል ብናገር ትልቁን ቤት ትተን ወደ ሐዲዱ ዳር ቤት እንመለሳለን፤ የባለቤቴም ላብ ይተርፋል። የሚጠፋው አማካሪው ብቻ ነበር።

«ምን አለ?» አሉ ጋሼ።

ወደ ጋሼ ዞርኩ። «ክፉ ቀን ከመጣባችሁ ከማንም ቀድመን ቤታችሁ የምንደርሰው እኛ ነን ይላል።»

ጋሼ የሰውየውን ትከሻ ከዳቦው ጋር አቅፈው ሳሙት። እሱም ደንቡ ይፈቅድ አይፈቅድ እያመነታ ቅርጫቱን ተቀበለ።

ማታ ባለቤቴ ከሥራ እንደገባች ጫማዋን ሳታወልቅ «ጠየቅህልኝ?» አለች።

«ጠየቅሁ እንጂ።»

«ከዚያ በኋላ ግን ምንድን ነው?»

«ምስጋና አያስፈልግም ነው የሚሉት። ትሑት ሰዎች ናቸው።»

«እፎይ!» አለችና እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ያን እፎይታዋን ሳየው እውነቱን ልነግራት አሰብኩ፤ አፌ ግን ሥልጣኑን አልለቀቀም።

ፈረምን። ውል አዋዋዩ የሚያሳድደው ሰው እንዳለ ሁሉ ውሉን እየሮጠ አነበበው፤ ባለቤቴ አንዳች አልገባትም፤ እኔ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ፈረምኩ። ቤቱን በተረከብን ማታ ዘመዶቻችን ተሰብስበው ባዶው ሳሎን ውስጥ ከመጋዘን ባመጣኋቸው ካርቶኖች ላይ ተቀመጡ። ጋሼ ንግግር እንዲያደርጉ ተጋበዙ።

«ልጆቼ፣ አንድ የደበቅኋችሁ ነገር ነበር» አሉ። «የጋራዡን ገንዘብ እስካሁን ያልነካሁት ለእናንተ ብዬ ነው። እዚህ አገር ሥራ ዛሬ አለ ነገ የለም። ክፉ ቀን ቢመጣባችሁ ወርሃዊውን ልከፍልላችሁ፣ ዋሳችሁ እኔ ልሆን አስቤ ነበር።»

ባለቤቴ አፏን በእጇ ያዘች።

«አሁን ግን ከእኔ የሚበልጥ ዋስ አገኛችሁ። በዓይኔ አየሁት፤ በጆሮዬ ሰማሁት። ስለዚህ ገንዘቡን ትናንት ለታናሽ ወንድሜ ልጅ ላክሁለት፤ የጭነት መኪና ሊገዛበት ነው።»

ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ባለቤቴ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል፣ «ይባረኩ፣ ጋሼ! አማካሪያችን አጣርቶልን ባይሆን እኮ ገንዘብዎ በከንቱ ታስሮ ይቀር ነበር!» አለች።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «ደግ አላደረግሁም?»

መናገር እችል ነበር።

«ደግ አደረጉ» አልኳቸው፤ እኔም ከሁሉ አስበልጬ አጨበጨብኩ።

በዚህ ወር መጋዘናችን ሠራተኛ ሊቀንስ ነው የሚል ወሬ ይናፈሳል። ባንኩ አያሳስበኝም፤ ከእኔ የሚጠብቀውን ድርጅት በራሴ ገንዘብ ገዝቼለታለሁ። ባለቤቴን ከእኔ የሚጠብቅ ድርጅት ግን የት እንደሚገኝ እስካሁን አጣርቼ አልደረስኩበትም።