ሚዛን ላይ ያንጠለጠለኝ የራሴ ቀበቶ

ዛሬ ሮቤ ገበያ መሃል እንደ ስንዴ ተመዘንኩ። ቀልዴን አይደለም።

ኪሎዬም ጮክ ተብሎ ተነበበ። እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ፣ አትቸኩሉ።

አዲስ ለሆናችሁ ፎሎወሮቼ፦ ጀማል እባላለሁ፣ ሥራዬ የኮርቻ ቀበቶ መስፋት ነው። በፈረሱ ሆድ ዞሮ ኮርቻውን የሚይዘውን ማለቴ ነው። ከአሮጌ መኪና የወጣ የወንበር ቀበቶ እገዛለሁ፣ ዘለበት እገጥምለታለሁ፣ ፈረሱ ቢከሳም ቢወፍርም በአንድ እጅ ይጠብቃል፣ በአንድ እጅ ይላላል። ከሮቤ እስከ ጎባ የኔን የሚያህል ስፌት የለም። (ይሄን ስል አላፍርም፣ ቀጥሉ።)

ግን አምና አንዱ ተበጠሰ።

የተበጠሰው ደግሞ ማን ላይ? ሀጂ ከድር ላይ! የአባቴ ጓደኛ ናቸው፣ ሰፈራችን ውስጥ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁ ሽማግሌ። አጋርፋ ለቅሶ ሊደርሱ ሲሄዱ ቁልቁለት ላይ ስፌቱ ለቀቀ፣ ኮርቻው ዞረ፣ ሀጂ ከነጋቢያቸው ጭቃ ውስጥ ገቡ። ወገባቸውን ሁለት ወር አመማቸው።

ልጠይቃቸው ሄድኩና ምን አልኩ መሰላችሁ?

"ፈረሱ ሆዱን ነፍቶ ነው።"

እርግጥ ፈረስ ሲጫን ሆዱን ይነፋል፣ ሁሉም ያውቃል። ግን ባሌ ተወልጄ፣ ባሌ አድጌ፣ የሰው ፈረስ ይወቀሳል? የሰውየውን ወገብ አሳምሜ ፈረሳቸውን ሰደብኩ!

ሀጂ ከዚያ ቀን ጀምሮ ፈረሳቸውን ዳማን በገመድ ነው የሚጭኑት። በሱቄ በር ሲያልፉ ሰላምታዬን ይመልሳሉ፣ እኔ ደግሞ ገመዱን አያለሁ። ዓመት ሙሉ ያ ገመድ ሰላም ነሳኝ።

ጥፋቱ የኔ መሆኑን አውቅ ነበራ።

የሰፋሁት በልብስ ክር ነበር። እሱስ ይሁን፣ ቀበቶውን ከዳር እስከ ዳር በአንድ መስመር፣ መርፌውን አጠጋግቼ ነበር የሰፋሁት። ስፌት ሲጠጋጋ የሚጠነክር ይመስላል አይደል? አይጠነክርም። ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆንና ልክ እንደ ደረሰኝ ቅጠል በመስመሩ ይቀደዳል።

ስለዚህ እንደገና ተማርኩ። ወፍራም ናይለን ክር፣ በሰም የታሸ። አራት ማዕዘን ስፌት፣ መሃሉ ላይ ኤክስ። መርፌውን አራራቅኩ። ዘለበቱ የሚጎትትበትን ቦታ አጥፌ ደረብኩት። አንዱን ቀበቶ ውሃ ውስጥ ዘፈዘፍኩት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ ጭቃ ለወስኩት፣ ከዚያ ክረምቱን ሙሉ አንድ ኩንታል ስንዴ አንጠለጠልኩበት። አንዲት ክር ፍንክች አላለችም።

ዛሬ ጠዋት በዚያው ዓይነት የሰፋሁትን ሌላ ቀበቶ ይዤ ሀጂን ስንዴ መጋዘኑ በር ላይ አገኘኋቸው።

"ሀጂ፣ ይሄን ይሞክሩልኝ። ይሄኛው እንኳን ሰው ተራራ ይሸከማል።"

ቀበቶውን አገላበጡ። ስፌቱን በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉት። ከዚያ ቀና ብለው ስንዴ የሚመዘንበትን ሚዛን መንጠቆ አዩ።

"መጀመሪያ አንተ ተጫነው፣ ኢልማ ኮ" አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

ምን ልበል? ጉራዬን ነዝቼ ጨርሻለሁ! እጄን ወደ ላይ አነሳሁ። ቀበቶውን ወገቤ ላይ አዞሩና ሳቡት። እኔ ለካ ሆዴን ነፍቻለሁ፤ ትንፋሼን እስክለቅ ጠብቀው ድጋሚ ሳቡት። ሆዱን የሚነፋው ማን እንደሆነ ገበያው ሁሉ አየ።

ሁለት ተሸካሚዎች አንስተው በጀርባዬ በኩል መንጠቆው ላይ አንጠለጠሉኝ። ፊቴ ወደ መሬት፣ እግሬ ወደ ጎባ።

"ሰማንያ ሰባት ኪሎ!" አለች ሚዛን ያዧ ዘሃራ፣ እስከ መናኸሪያ በሚሰማ ድምፅ።

(ጂም ገባሁ ብዬ የለጠፍኩትን ፎቶ እባካችሁ ሄዳችሁ አትፈልጉት።)

አንድ የስንዴ ደላላ ጠጋ ብሎ ሆዴን ነካ ነካ አደረገና "ይሄ እርጥበት አለው፣ አልገዛም" አለ። ሰው ሁሉ ስልኩን አወጣ።

ስፌቱ ግን! በዚያ ሁሉ ሳቅ መሃል ጆሮዬ የሚያዳምጠው እሱን ብቻ ነበር። ሲጥ አላለም።

"ሀጂ፣ በቃ ያውርዱኝ።"

"ቆይ። አምና የወደቅኩት በማን ጥፋት ነው?"

ሳቁ ቆመ። እኔም የምገባበት ጠፋኝ፤ የተንጠለጠለ ሰው የት ይገባል?

"በኔ ነው ሀጂ። ክሩ የልብስ ክር ነበር። አውቄ ነው የዋሸሁዎት። ፈረሱ ምንም አላደረገም።"

"ይሄን ለኔ ሳይሆን ለሱ ንገረው።"

ዋላሂ፣ ዳማን ጎትተው ፊቴ አቆሙት!

"ዳማ፣ አውፍ በለኝ" አልኩት። አሸተተኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ ገለባው አዞረ። ቪዲዮው እጃችሁ ላይ እንዳለ አውቃለሁ፣ ቢያንስ ሙዚቃ አታስገቡበት።

አወረዱኝ። ሀጂ ቀበቶውን ከኔ ፈትተው ዳማ ላይ አጠበቁት። ገመዱን "ለጆንያ ማሰሪያ ይሁንሽ" ብለው ለዘሃራ ሰጧት። ኮርቻው ላይ ወጥተው ወዲህና ወዲያ ወዘወዙት።

"ጋሪዳ" አሉ፣ ጥሩ ነው ማለት ነው። ልጓሙን ስበው ሊሄዱ ሲሉ ደግሞ ወደ እኔ ዞሩ። "ለልጄ ልጅ ፈረስም አንድ ስፋላት። ሰባት ዓመቷ ነው።"

እዚያው የስንዴ ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከኩራት ነው። እንዲህ ኮርቼ አላውቅም።

አሁን የልጅቷን እየሰፋሁ ነው። ሦስት ጊዜ ጨርሼ ሦስት ጊዜ ፈታሁት። ሦስቱም ጊዜ ስፌቱ ምንም እንከን አልነበረውም፣ ግን ፈታሁት።

እናንተስ፣ ሠርታችሁ ስታስረክቡ ማን እንደሚቀመጥበት ታስባላችሁ? እኔ ይቺን ለማሰብ ፈረስ ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ።