የውሻው ሁለት ጥያቄ

ውሻ ሆናችሁ ሆስፒታል ገብታችሁ ታውቃላችሁ? አትሳቁ። አትላንታ ውስጥ በጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ ሰባት ዓመት ስሠራ እንደ ውሻ የተከበረ ጠያቂ አላየሁም።

አንድ እሑድ ቀይ ሰደርያ የለበሰ፣ ሕመምተኛ ለመርዳት የሠለጠነ ውሻ ከጌታው ጋር መጣ። ጌታው አባቱን ሊጠይቅ ነው። ስለ ውሻው እንድጠይቅ በአገሩ ሕግ የተፈቀደልኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ለሰውየው ጤና ያስፈልገዋል ወይ? ሥራውስ ምንድን ነው? ሰውየው መለሰ፣ ውሻው ጭራውን ቆላ፣ ገቡ።

ከኋላቸው እትዬ ዘነበች ቆመዋል። ከከተማው ውጭ ከሊልበርን በሰው መኪና ራይድ ለምነው የመጡት ተካን ሊያዩ ነው። ተካ በዲቪ ብቻውን መጥቶ ብቻውን የታመመ ጎረቤታቸው ነው።

«ቤተሰብ ነዎት?» አልኳቸው።

«ጎረቤቱ ነኝ። ሾርባ የማበላው እኔ፣ የምጸልይለት እኔ።»

«ቤተሰብ ብቻ ነው የሚገባው፣ እትዬ።»

ውሻው የገባበትን በር አዩና፣ «ስለ እሱ የጠየቅኸውን ስለ እኔም ጠይቀኝ፣ ልጄ። አስፈልገዋለሁ። ሥራዬም አጠገቡ መቀመጥ ነው» አሉ።

ከበሩ ውጭ ወንበር አሳየኋቸው። እኔ እንደሆንኩ ደንብ አክባሪ ነኝ፤ የወሩ ምርጥ ሠራተኛ ተብዬ ፎቶዬ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እትዬ ከፎቶዬ ሥር ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀመጡ።

ከዚያ ነርሷ ወጥታ ተካ ማረፉን ነገረችኝ። የሚደወልለት ዘመድ የለውም።

«አስከሬኑን የሚረከብ ሰው አለ?» አለችኝ።

ወደ ወንበሩ ጠቆምኳት። ሳይን የሚደረገውን ወረቀት ይዛ ወደ እትዬ ሄደች። ቤተሰብ ነዎት ወይ ብሎ የጠየቃቸው የለም።